ብረትን በብርሃን የቀረጸው ሰው፤ የኒሴፎር ኒየፕስ ሕይወት

ይህን መጽሔት በእጃችሁ የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ገጹ እንዴት እንደሚባዛ ሳታውቁ አትቀሩም። ሰም በተቀባው ስስ ወረቀት ላይ የጽሕፈት መኪናው ፊደል ሲያርፍ ሰሙ ይለቃል፤ ሰሙ በለቀቀበት በኩል ቀለም ያልፋል፤ ሰሙ ባለበት ግን ቀለም ይከለከላል። ነገሩ ይኸው ነው። ማንም ሠራተኛ በአንድ ቀን ይማረዋል።

ነገር ግን አንድን ሽፋን በአንዱ ስፍራ አስቀርቶ በሌላው ስፍራ ማንሣት የሚለው ሐሳብ ከማባዣ መኪናችን እጅግ ርቆ ሄዷል። ውፍረቱ የራስ ጠጕር ያህል የሆነ፣ ቁመቱ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ፣ ፍጹም ክብ የሆነ የኒኬል ዘንግ እንሥራ ብንል በምን እንሠራዋለን? ቶርኖ ላይ ብናስረው ስለቱ ገና ሲነካው ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። አንዱን እንኳ በብዙ ድካም ብናወጣ፣ እርሱን የመሰሉ ሺሕ ዘንጎች ለማውጣት ዕድሜ አይበቃንም። ዛሬ ግን እንዲህ ያሉ ዘንጎች፣ ቱቦዎችና ጥርስ ያላቸው መንኰራኵሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ በብዛት፣ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ስለት ይሠራሉ። ስለቱን የተካው ብርሃን ነው።

ብርሃን በብረት ላይ የት ይሸፈን የት ይገለጥ ብሎ እንዲወስን በመጀመሪያ ያስተማረው ሰው ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን ከሰማን የፎቶግራፍ አባት ሲባል ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን የምንተርከው በሌላም ምክንያት ነው። ይህ ሰው ታላቅ ነገር አግኝቶ ለብዙ ዘመን በምሥጢር ይዞት ነበር፤ ምሥጢሩም ስሙን ሊቀብረው ምንም ያህል አልቀረውም። ይህ ነገር እኛን ተማሪዎችን ይመለከተናል ብለን እናምናለን። በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኒየፕስ ማርች 7 ቀን 1765 ዓ.ም. ሻሎን ሱር ሶን በምትባል የቡርጎኝ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በሶን ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ናት። አባቱ የንጉሥ አማካሪ የሚል ማዕርግ ያለው ሕግ ዐዋቂና ባለ ርስት ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ ሀብታም ነበረ። የክርስትና ስሙ ዦሴፍ ነው፤ ኒሴፎር የሚለውን ስም፣ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ ድል አምጪ ማለት ነው፣ ራሱ በጕልማሳነቱ ያወጣው ነው። ኦራቶርያን በሚባሉ ካህናት ትምህርት ቤት ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በአንዤ ከተማ በሚገኘው ኮሌጃቸውም ጥቂት ጊዜ አስተማረ። ካህን ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር ይባላል።

በ1789 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት ተነሣ፤ የቄሱም የባለ ርስቱም ኑሮ ተናወጠ። ኒየፕስ በ1792 ዓ.ም. ወታደር ሆነ፤ ወደ ሰርዴኛና ወደ ኢጣልያ በተደረገው ዘመቻም ተሰለፈ። ዳሩ ግን ብርቱ ሕመም ያዘውና በ1794 ዓ.ም. ከጦሩ ወጥቶ ኒስ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት አኜስ ሮሜሮ የምትባል ሴት አገባ። በሚከተለውም ዓመት በኒስ አውራጃ አስተዳዳሪነት ተሾመ፤ ነገር ግን ሹመት የልቡ አልነበረምና ብዙም ሳይቈይ ተወው። በ1801 ዓ.ም. ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። ከሻሎን ጥቂት ራቅ ብሎ ሳን ሉ ዴ ቫሬን በሚባል መንደር ውስጥ ለ ግራ የተባለ የርስት ቤት ነበራቸው። የሕይወቱ ዋና ሥራ የተሠራው በዚህ ቤት ነው።

ኒየፕስ ክሎድ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። ሁለቱ ወንድማማቾች በሐሳብም በገንዘብም አንድ ነበሩ። መጀመሪያ የተነሡትም ሥዕል ለማንሣት ሳይሆን ሞተር ለመሥራት ነው። ፒሬኦሎፎር ብለው የሰየሙት መሣሪያቸው ሊኮፖዲየም ከተባለ ተክል የሚገኘውን ብናኝ በአየር እየነፋ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከእሳት ጋር ያገናኘዋል፤ ብናኙ በድንገት ሲቃጠል አየሩ ይለጠጥና ውሃ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጀልባውም ወደ ፊት ይሄዳል። ነዳጁ በውስጡ ከሚነድላቸው ሞተሮች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ይህ ነው። ላዛር ካርኖና ቤርቶሌ የተባሉት ስመ ጥር ሊቃውንት በ1806 ዓ.ም. መርምረው መልካም ምስክርነት ሰጡ። ጁላይ 20 ቀን 1807 ዓ.ም. ናፖሌዎን የዐሥር ዓመት የባለቤትነት መብት ፈቀደላቸው። ጀልባቸውም በሶን ወንዝ ላይ ሄደ።

ይሁን እንጂ መብት ሌላ፣ ገበያ ሌላ ነው። ብናኙ ውድ ነበረና ርካሽ ነዳጅ ሲፈልጉ፣ ከድንጋይ ከሰል ዱቄት ጋር ሙጫ ሲያደባልቁ፣ ዓመታቱ አለፉ። የሚገዛ አልተገኘም፤ የዐሥሩ ዓመት መብትም ፍሬ ሳያፈራ ወደ ማለቂያው ደረሰ። ክሎድ ገዥ እፈልጋለሁ ብሎ በ1816 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ፣ በኋላም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። ከዚያም አልተመለሰም፤ ለዚያ ሞተር ሲል የቤተ ሰቡን ሀብት በብዙው አጠፋው። ኒየፕስ በርስቱ ላይ ሁኖ ለወንድሙ ወጪ መበደር ነበረበት። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን። ኋላ ኒየፕስ ግኝቱን ለሰው ለማሳየት ለምን እንደ ፈራ የሚገባን ከዚህ ስንነሣ ነው። አንድ ጊዜ በአደባባይ የወጣ ፈጠራው ምንም ሳያስገኝለት ሲቀር ያየ ሰው ነበረ።

በዚያው ዘመን ሊቶግራፊ የተባለው የድንጋይ ኅትመት በፈረንሳይ አገር የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆነ። ይህን ጥበብ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ በ1790ዎቹ ማለቂያ ላይ የፈጠረው አሎይስ ሴነፌልደር ነው። ብልሃቱም ይህ ነው፤ በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ቀለም ይሣላል፤ ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል፤ ከዚያ በኋላ የኅትመት ቀለም ሲቀባ ቅባት በነካው ስፍራ ይጣበቃል፣ ውሃ ባለበት ስፍራ ይሸሻል። መቅረጽ የለም፤ መፈልፈል የለም። ሥዕሉን የሚለየው ቅባትና ውሃ አለመስማማታቸው ብቻ ነው።

ኒየፕስም ይህን ሊሞክር ተነሣ። ሥዕል መሣል ግን አይችልም ነበርና ሥዕሉን ልጁ ኢዚዶር ይሥልለት ነበረ ይባላል። ኢዚዶር ወደ ጦር ሠራዊት ሲሄድ ሠዓሊ አጣ፤ እንግዲህ ብርሃን ራሱ ቢሥልልኝስ ብሎ አሰበ። ይህ ትረካ እውነት ቢሆንም ቢጌጥም፣ በ1816 ዓ.ም. የሠራው በራሱ ደብዳቤ ተመዝግቧል። ካሜራ ኦብስኩራ በሚባለው፣ በመነጽር በኩል የውጭውን መልክ ወደ ውስጥ በሚያስገባው የጨለማ ሣጥን ውስጥ፣ በብር ጨው የተነከረ ወረቀት አስቀመጠ። መልኩ ታየ። ነገር ግን ብርሃኑ ጥቍር፣ ጥላው ነጭ ሁኖ ተገለባበጠ፤ ከዚህም በላይ ወረቀቱ ወደ ብርሃን ሲወጣ የቀረውም እየጠቈረ ሥዕሉ ጠፋ። ያዘ፤ ግን ሊያስቀረው አልቻለም።

በሚከተሉት ዓመታት ኒየፕስ በብርሃን የሚለወጥ ሌላ ነገር ፍለጋ ብዙ ንጥረ ነገር ሞከረ። በመጨረሻ ያረካው የይሁዳ ሬንጅ የሚባለው፣ ከሙት ባሕር አካባቢ የሚመጣው ጥቍር ነገር ነው። ይህ ሬንጅ በቀራጮች ዘንድ የታወቀ ነበረ፤ አሲድ እንዳይበላው የሚፈልጉትን የብረት ክፍል ይሸፍኑበት ነበርና። የኒየፕስ ግኝት ሌላ ነው፤ በስሱ የተቀባ ሬንጅ ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል፤ ሲጠነክርም በፊት ያሟሟው በነበረው ዘይት አይሟሟም።

የሥራውን ሥርዓት በዝርዝር እንናገር፤ የነገራችን ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኒየፕስ የሬንጁን ዱቄት በላቬንደር ዘይት አሟሙቶ በብረት ሰሌዳ ላይ በስሱ ይቀባና ያደርቀዋል። ከዚያ በወረቀት ላይ የታተመ አንድ ሥዕል ወስዶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ይቀባዋል፤ በሰሌዳውም ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ያኖረዋል። ወረቀቱ ነጭ በሆነበት ብርሃን አልፎ ሬንጁን ያጠነክረዋል፤ ጥቍር መሥመር ባለበት ብርሃን ስለማያልፍ ሬንጁ እንደ ነበረ ይቀራል። ሰሌዳው በዘይት ሲታጠብ ያልጠነከረው ሬንጅ ተሟሙቶ ይሄዳል፤ በመሥመሮቹ ስፍራ ብረቱ ራቁቱን ይታያል። በዚህ ጊዜ አሲድ ይፈስበታል። አሲዱ ራቁቱን ያገኘውን ብረት ይበላል፤ ሬንጅ ያለበትን ግን አይነካም። እንዲህ የተፈለፈለው መሥመር ቀለም ይሞላና በኅትመት መጭመቂያ ወረቀት ላይ ይታተማል። ኒየፕስ ይህን ሥራ ሄሊዮግራፊ ብሎ ሰየመው፤ የፀሐይ ጽሕፈት ማለት ነው።

በ1822 ዓ.ም. የጳጳሱን የፒዮስ ሰባተኛን ሥዕል በመስተዋት ላይ በዚህ መንገድ ገለበጠ። ከዚያ በኋላ ወደ መዳብ፣ ቀጥሎም ፒውተር ወደሚባለው፣ አብዛኛው ቆርቆሮ ወደሆነው ቅይጥ ብረት ተሻገረ። በ1826 ዓ.ም. የካርዲናል ዳምብዋዝን መልክ በሰሌዳ ላይ አወጣ፤ ለሜትር የተባለው የፓሪስ ቀራጭም ሰሌዳውን አስተካክሎ አተመው። የሰው እጅ ሳይሥለው በብርሃን የተቀዳ ሥዕል በብረት ተቀርጾ ታተመ ማለት ነው።

በዚሁ ጊዜ ገደማ፣ በ1826 ወይም በ1827 ዓ.ም.፣ ኒየፕስ ሬንጅ የተቀባ የፒውተር ሰሌዳ በጨለማው ሣጥን ውስጥ አድርጎ በለ ግራ ቤቱ ላይኛ ፎቅ መስኮት ላይ አስቀመጠ። ሰሌዳው ቁመቱ 16 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 20 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ለብዙ ዘመን ስምንት ሰዓት ያህል ብርሃን ተቀበለ ሲባል ኖሮ፣ የኋላ ተመራማሪዎች ግን ብዙ ቀን ሳይፈጅ እንዳልቀረ አመልክተዋል። ፀሐይ በምሥራቅም በምዕራብም ስለ ዋለች በሥዕሉ ውስጥ ያለው ግድግዳ በሁለቱም ወገን የበራ ይመስላል። የቤቱ ጣራ፣ የርግብ ቤቱ፣ የዛፍ ጥላ በደበዘዘ መልክ ይታያል። በጨለማ ሣጥን ውስጥ ከተያዙት ሥዕሎች እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቈየን የመጀመሪያው ይህ ነው።

በ1827 ዓ.ም. ኒየፕስ ከሚስቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘ። የሄደው ክሎድ ታሟል የሚል ወሬ ስለ ደረሰው ነው። በለንደን አጠገብ ኪው በምትባለው ስፍራ ሲደርስም ወንድሙን በአካል ብቻ ሳይሆን በአእምሮም ታሞ አገኘው። ለብዙ ዓመት ገንዘብ የላኩለት ታላቁ ሞተር በክሎድ አሳብ ውስጥ እንጂ በምድር ላይ አልነበረም። ክሎድ በ1828 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሞተ።

ኒየፕስ በኪው ሳለ ግን አንድ ወዳጅ አገኘ። ፍራንሲስ ባወር የተባለው የዕፀዋት ሠዓሊ ሰሌዳዎቹን ባየ ጊዜ ተደንቆ ነገሩን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር እንዲያቀርበው መከረው። ኒየፕስም ዲሴምበር 8 ቀን 1827 ዓ.ም. ስለ ሄሊዮግራፊ አጭር ማስታወሻ ጻፈ። ነገር ግን በማስታወሻው ውስጥ ውጤቱን እንጂ ብልሃቱን አልገለጸም። ማኅበሩ ምሥጢሩ ያልተነገረበትን ግኝት ስለማይቀበል ጽሑፉ ሳይነበብ ቀረ። በዚያች ቀን ኒየፕስ ሬንጅና የላቬንደር ዘይት የሚሉትን ቃላት ጽፎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ማስታወሻውንና ጥቂት ሰሌዳዎችን ለባወር ትቶለት ሄደ። ባወርም የመስኮቱን ሥዕል በያዘው ሰሌዳ ጀርባ ላይ የማን ሥራ እንደ ሆነ ጻፈበት።

ወደ ፓሪስ እንመለስ። በዚያ ከተማ ሉዊ ዳጌር የሚባል ሠዓሊ ነበረ። ዲዮራማ በተባለ ቤት ውስጥ በብርሃን የሚለዋወጡ ታላላቅ ሥዕሎች እያሳየ ዝናው ገንኖ ነበር። እርሱም በጨለማ ሣጥን የሚገባውን መልክ ለመያዝ ይደክም ነበርና፣ ሸቫልዬ ከሚባሉት የመነጽር ነጋዴዎች ዘንድ የኒየፕስን ነገር ሰምቶ በ1826 ዓ.ም. ደብዳቤ ጻፈለት። ኒየፕስ መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ መልሱንም ቈጥቦ ጻፈ። ዳሩ ግን ዕድሜው ስድሳውን አልፏል፤ ዕዳው ከብዷል፤ ወንድሙ ሞቷል። ዲሴምበር 14 ቀን 1829 ዓ.ም. ሁለቱ የዐሥር ዓመት የሽርክና ውል ተፈራረሙ። በዚያን ጊዜ ኒየፕስ የሥራውን ሥርዓት ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ለዳጌር ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሬንጁን ለማፍጠን፣ ብሩን ለማጥራት ብዙ ደከሙ። ኒየፕስ ግን የሽርክናውን ፍሬ አላየም። ጁላይ 5 ቀን 1833 ዓ.ም. በስድሳ ስምንት ዓመቱ በድንገት ሞተ፤ በዚያው በሳን ሉ ዴ ቫሬንም ተቀበረ። ሀብታም ሁኖ የተወለደው ሰው ለልጁ ያወረሰው ዕዳና የሽርክና ውል ነው።

ስለ ዳጌር እውነቱን መናገር ይገባናል፤ ሌባ ብለን አንጽፈውም። በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የማይታየውን መልክ በሜርኩሪ ተን አማካይነት ማውጣትን ያገኘ እርሱ ነው፤ በዚህም የብዙ ሰዓቱን ሥራ ወደ ደቂቃዎች አሳጠረው። ነገር ግን ከኢዚዶር ጋር ውሉን ሲያድስ የአዲሱ ሥራ ስም በእርሱ ስም ብቻ እንዲጠራ አደረገ። አራጎ የተባለው ሊቅ በጃንዋሪ 1839 ዓ.ም. ግኝቱን በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሲያስታውቅ ዓለም የሰማው ዳጌር የሚለውን ስም ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ሥራውን ገዝቶ በኦገስት ወር ለሕዝብ ሲገልጽ ለዳጌር በዓመት 6000 ፍራንክ፣ ለኢዚዶር 4000 ፍራንክ ጡረታ ቈረጠላቸው። ኢዚዶር የአባቱን ስም ለማስመለስ በ1841 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ፤ በእንግሊዝም አገር ባወር እውነቱን መሰከረ። የሚሰማ ግን ጥቂት ነበረ።

ያ የመስኮቱ ሰሌዳ ከባወር በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በ1898 ዓ.ም. በለንደን ለትርኢት ቀርቦ ነበር፤ ከዚያም የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ። በ1952 ዓ.ም. ሄልሙት ገርንሻይም የተባለው የፎቶግራፍ ታሪክ ጸሐፊ ፈልጎ ፈልጎ አገኘው። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በክብር ተቀምጧል። ኒየፕስ የፎቶግራፍ አባት መባሉ ያለ ክርክር የጸናው ከዚህ በኋላ ነው።

የሕይወቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። እኛ ግን ገና አላለቀም እንላለን። ፎቶግራፍን ለዓለም ያደረሰው የዳጌር ብርና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ሥራ ነው፤ ሬንጁማ እጅግ ዘገምተኛ ነበርና ለፎቶግራፍ አልሆነም። ሬንጁ የወደቀው በፎቶግራፍ ነው እንጂ በብረት ሥራ አልወደቀም። ብርሃን የነካው ሽፋን ይቅር፣ ያልነካው ይሂድ፣ ቀጥሎ አሲድ ይግባ የሚለው ሥርዓት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ወደ ኅትመት ሰሌዳ ሥራ ገባ። በ1950ዎቹ ማለቂያ ላይ ደግሞ በአሜሪካ አገር ጄይ ላትሮፕና ጄምስ ናል የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ትራንዚስተርን ለማሳነስ ሲጥሩ በሬንጁ ስፍራ በፋብሪካ የተሠራ ብርሃን የሚለውጠው ሽፋን አድርገው ይህንኑ ሥርዓት ያዙ። የዛሬው ኮምፒዩተር ልብ የሚሠራው በዚሁ ነው። ፎቶሊቶግራፊ ይባላል፤ ድንጋዩ ከሄደ ቈየ፤ ስሙ ግን ቀረ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ወደ ጥቃቅኑ ዘንግ እንመለስ። አሲድ ብረትን ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይበላል፤ ስለዚህ ረዥምና ቀጥ ያለ ዘንግ በአሲድ ብቻ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ይህን ችግር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር በካርልስሩኸ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሰዎች ነገሩን በመገልበጥ ፈቱት። ሊጋ የሚባለው ብልሃታቸው ብረቱን ከመብላት ይልቅ ብረቱን ያበቅለዋል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ሰሌዳ ላይ ፕሌክሲግላስ የምንለው ዓይነት ፕላስቲክ በውፍረት ይደረጋል፤ ውፍረቱ ከዘንጉ ቁመት ማነስ የለበትም። በላዩ ጭንብል ይቀመጣል፤ ጭንብሉ ጨረር በማያሳልፍ ወርቅ የተሸፈነ ሁኖ፣ ዘንግ በሚፈለግበት ስፍራ ሁሉ ክብ ክፍተት አለው። ከላይ የሚወርደው ግን ተራ ብርሃን አይደለም፤ ተራ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወደ ጎን ይበተናልና የጕድጓዱ ግድግዳ ቀጥ አይልም። ስለዚህ በሐኪም ቤት ራጅ የምንለውን ጨረር ይጠቀማሉ፤ ይህም ሲንክሮትሮን ከሚባል ታላቅ መኪና ትይዩ ሁኖ የሚወጣ ነው። ጨረሩ የነካው ፕላስቲክ ይደክማል፤ በማጠቢያው ፈሳሽ ይሟሟል። የኒየፕስ ሬንጅ በብርሃን ይጠነክር ነበር፤ ይህ ግን ይደክማል፤ ሁለቱም መንገድ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ከታጠበ በኋላ በፕላስቲኩ ውስጥ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ክብ ጕድጓዶች ይገኛሉ።

ቀጥሎ ሰሌዳው የኒኬል ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ጕልቻ ወርቅ መሳይ ጌጥ ሲለበጥ እንደሚሆነው ሁሉ ኒኬሉ ከውሃው እየወጣ ይለጠፋል፤ ነገር ግን ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ የሚለጠፈው ከጕድጓዱ ወለል ላይ ብቻ ነው። ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ጕድጓዱን ይሞላዋል። አናቱ ተስተካክሎ ይፋቃል፤ የቀረው ፕላስቲክ ይሟሟል። በሰሌዳው ላይ የሚቀሩት እንደ ጤፍ አገዳ የቆሙ የብረት ዘንጎች ናቸው። ክፍተቱ ክብ ከነበረ ዘንግ፣ ቀለበት ከነበረ ቱቦ፣ ጥርስ ካለው መንኰራኵር ይሆናል። የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች ዛሬ አንዳንድ ጥቃቅን የሰዓት ክፍሎችን በዚህ ብልሃት ያሠራሉ፤ በዚህኛው ግን በራጅ ስፍራ በተራው ብርሃን አጠገብ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረርና በጨረር የሚጠነክር ሽፋን ይሠራበታል። እንግዲህ በዚያ ሽፋን ውስጥ የኒየፕስ ሬንጅ እንደ ገና ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ኒየፕስ ይህን አላሰበም፤ ሊያስብም አይችልም ነበር። እርሱ የፈለገው ሥዕል ነው። ፈልጎት የነበረውን ሌላ ሰው ፈጸመው፤ መሣሪያ ብሎ የያዘው ተራ ሬንጅ ግን የዘመናችን የብረት ሥራ ሥር ሆነ። በተማርነው መጽሐፍ ውስጥ ለሥራው ማለቂያ የተሰጠው ክብር ብዙ ነው፤ በመንገድ ላይ ለተገኘው የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው።

ስለ ምሥጢሩ ግን ዝም ብለን ማለፍ አይሆንልንም። ከመካከላችን፣ የድካሙን ፍሬ ለራሱ ቢጠብቅ ምን ነውር አለበት የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በሞተሩ የተጎዳ፣ ባለ ዕዳ የሆነ ሰው ቢጠራጠር አንፈርድበትም። ነገር ግን ውጤቱን እንመልከት። ምሥጢሩ በእጁ ሳለ ገንዘብም ዝናም አላገኘበትም፤ የለንደንም በር የተዘጋበት በዚሁ ነው። ስሙን በመጨረሻ ያዳነው የደበቀው ሳይሆን የሰጠው ነው፤ ለባወር የተወው ሰሌዳና ማስታወሻ፣ ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ፣ ለዳጌር የዘረዘረው ሥርዓት።

በአገራችንም ጥበቡን ይዞ የተቀበረ ባለ ሞያ ጥቂት አይደለም። ብረት የሚያቀልጠው፣ ቀለም የሚበጠብጠው፣ ብራና የሚፍቀው፣ ቅጠል የሚያውቀው፣ ስንቱ ለልጁ እንኳ ሳይነግር አልፏል። እኛ በቤተ ሙከራ የምንውል ተማሪዎች ግን ምክንያት የለንም። የተሳካልንን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካልንንም በደብተራችን ቀኑን ጨምረን እንጻፍ፤ ለጓደኛችን እናሳይ፤ ስማችንንም ከጀርባው እናኑር። ፋይዳው ዛሬ ባይታየን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ስሙን የማናውቀው አንድ ሰው ከመንገድ ዳር የጣልነውን ሬንጅ አንሥቶ እኛ ያላሰብነውን ይሠራበት ይሆናል።